ከሮም ሚላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጥሩወርቅን ያገኘኋት ሐበሻ ሱቅ ውስጥ፣ ሽሮና በርበሬ ከተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበርና ነጠላዬን እንኳ አላወለቅኩም። መጀመሪያ አላወቅኳትም። በሮም ዘመናችን ወገቧ በሁለት እጅ የሚጨበጥ፣ ቀይ ካፖርቷን ለብሳ ስታልፍ የጣሊያን ወንድ ሁሉ አንገቱ የሚጠመዘዝላት ቆንጆ ነበረች። አሁን እሷም እንደ እኔው አርጅታ፣ ጋሪው ላይ ተደግፋ የሽሮ ዋጋ እያየች ታማርራለች። "ጽጌ! አንቺው ነሽ? በሞትኩት! ምነው እንዲህ ከሳሽ?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ እንዴት እንደምጠላው! "ዕድሜ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል" ብዬ አቀፍኳት። እዚሁ አሜሪካ፣ ካሮልተን ልጇ ዘንድ ልትከርም መጥታ ኖሯል፤ ከመምጣቷ በፊት ጣሊያንን ዞር ዞር ብላ አይታለች። አፏ ድሮም አያርፍ። "ከሮም ሚላን ስንት ሰዓት ቢፈጅብኝ ጥሩ ነው? ሦስት ሰዓት! ማርያምን፣ ሦስት ሰዓት! ገና ተመቻችቼ ሳልቀመጥ ውረዱ አሉኝ። ያ የኛ ጉደኛ ባቡር ትዝ አይልሽም?" ተያይዘን ሳቅን። ከዚያ እጄን ያዝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ለመሆኑ ወይንሸት እንዴት ሆነችልሽ? እኔ ስጠይቃት እንኳ ሰው ትለይ ነበር። ያ ክፉ በሽታ ጨረሳት እኮ፣ እግዜር ይማራት" አለችኝ።

እኔ ምንም አላውቅም ነበር። ፊቴን ስታይ ገባት። "ወይኔ ጉዴ! አልነገሩሽም? ምላሴን በቆረጠው!" እያለች ደረቷን መታች። የገዛሁትን ሁሉ እዚያው ጋሪው ላይ ጥዬ ወጣሁ።

ወይንሸት እህቴ ናት። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እትዬ ነው የምላት፣ እሷ ደግሞ እስካሁን፣ ፀጉሬ ነጥቶ እንኳ፣ ሚጣ ነው የምትለኝ። በዚህች ዓለም ላይ ሚጣ የሚለኝ የቀረ ሌላ ሰው የለም።

የዚያን ዘመን መንገድ ካላስረዳሁ ነገሩ አይገባችሁም። ከአገር የወጣነው ሁሉም በሚወጣበት ጊዜ ነው፤ ለምንና እንዴት የሚለውን ተዉት፣ ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ ሮም፣ እትዬ ሚላን ሰው ቤት ገባን። ካሜሪየራ ነበርን፤ እዚያው እያደርን እናበስላለን፣ እንጠርጋለን፣ የሴትዮዋን የውስጥ ልብስ ሳይቀር እንተኩሳለን። የካሜሪየራ እረፍት በጣሊያን ምድር ሁሉ አንድ ነው፤ ሐሙስ ከምሳ በኋላና እሑድ። ሐሙስ ከሰዓት ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለውን አደባባይ ብታዩት ፒያሳ ነው ወይስ ሮም ነው ትሉ ነበር። ደብዳቤ የሚመጣው እዚያ ነው፤ ሥራ የሚገኘው፣ ሚስት የሚታጨው፣ ሰው የሚታማው እዚያ ነው። ትከሻው በስፖንጅ የተወጠረ ካፖርት ፋሽን ነበርና ሁላችንም ጄኔራል መስለን ነው የምንንጎራደደው። ጫማ ከእሑዱ የፖርታ ፖርቴዜ ገበያ፣ ሻጩን እያባበልን እንገዛለን። ቡና ቆመው ከጠጡት ርካሽ ነው፣ ከተቀመጡ እጥፍ ያስከፍላሉ፤ እኔ በጣሊያን በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ተቀምጬ ቡና አልጠጣሁም። ከአገር ቤት የመጣች አንዲት ካሴት ነበረች፤ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀዳ፣ ስትገለበጥ፣ በመጨረሻ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን መሰለ። እንዲያም ሆኖ እናለቅስባት ነበር። ስልክ ደግሞ በጄቶኔ ነው፤ ጄቶኔ ማለት መሃሏ የተሰነጠቀች የስልክ ሳንቲም ናት፣ ሁለት መቶ ሊሬ። ኪሴን ሞልቼ ወደ ሚላን እደውላለሁ፣ ያ ሆዳም ስልክ ዋጥ ዋጥ ያደርግና እትዬ ደህና ነሽ ብዬ ሳልጨርስ ይዘጋል።

ያኔ ከሮም ሚላን ፈጣን የሚባለው ባቡር እንኳ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ለኛ ኪስ የሚስማማው ደግሞ አመሻሽ ላይ ተነስቶ ሲንፏቀቅ አድሮ ጠዋት ነው የሚገባው። ሐሙስ የምሳውን ዕቃ አጥባ የወጣች ካሜሪየራ ሚላን ደርሳ፣ እህቷን ስማ፣ በሩ ሳይቆለፍባት ሮም ልትመለስ አትችልም። እትዬ ናት መላውን የዘየደችው። "መሃል እንገናኝ" አለች። መሃሉ ፍሎረንስ ነው። እኔ ከታች፣ እሷ ከላይ፣ ስንችል ስንችል፣ በወር አንድ ሐሙስ ፍሎረንስ እንገናኛለን። አሁን እዚህ ያሉት ልጆች ፍሎረንስን ታውቂያለሽ ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ ሐውልቱ፣ ሥዕሉ፣ ድልድዩ ይላሉ። እኔ ከጣቢያው ወጥቼ አላውቅም! አንዲት ሰዓት ብናገኝ ነው፤ እሷንም አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ እትዬ ከኋላዬ ቆማ ፀጉሬን እየሠራችኝ ነው የምናሳልፋት። አንድ ጊዜ ገና ግማሹን ሹሩባ ሳትጨርስ ባቡሬ ተነሳ። ግማሹ ራሴ ተሠርቶ፣ ግማሹ እንደ ቁጥቋጦ ቆሞ ሮም ገባሁ። ሲኞራዬ በር ስትከፍትልኝ አማተበች። ስንለያይ ሁልጊዜ የእኔ ባቡር ነው ቀድሞ የሚሄደው፤ እትዬ መስኮቱን ይዛ ትንሽ ትሮጣለች፣ ከዚያ ትቆማለች።

አባታችን የሞተ ጊዜም እንዲሁ ነው። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ሚላን ነው። በኛ ቤት ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ቆሞ መርዶ አይሰማም። እትዬ ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ ሰነበተች፤ ስደውልላት "ደህና ነን" ትለኛለች። ከዚያ ሲኞራዋን ለምና፣ በዚያ በሚንፏቀቀው ባቡር፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አድራ፣ ጠዋት እኔ ደረጃ ስወለውል በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ጥቁር ነጠላዋን ሳይ ነው የገባኝ። ባልዲው ከእጄ አመለጠ። ያን ቀን ምን ያህል እንደወደድኳት ልነግራችሁ አልችልም። ያን የመሰለ ፍቅር ግን ኋላ ቤታችንን አፈረሰው፣ ምክንያቱም ሁለታችንም ክፉ ነገርን መደበቅ ማፍቀር ነው ብለን ተማርን።

እኔ የአሜሪካ ወረቀት ወጣልኝ፣ ለእሷ አልወጣም። "ሂጂ፣ በዓመቱ እደርሳለሁ" አለችኝ፤ ኋላ ሚላኗን ለመደችና ቀረች። ልጄ ሳሮን ክርስትና ስትነሳ እሷ መጣች፤ እኔም እየቆጠብኩ ስንት ጊዜ ሄድኩ። ዩለስ፣ ከኤርፖርቱ ሥር ነው የምኖረው። አውሮፕላኑ ሁሉ የሚያርፈው በጣራዬ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ እዚያው ኤርፖርት ለብዙ ዓመት ዊልቸር ገፍቻለሁ። ወደ አውሮፓ የሚሄዱ አሮጊቶችን እስከ በሩ እየገፋሁ አድርሻለሁ፣ "መልካም ጉዞ" እያልኩ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ኩላሊቴ እምቢ አለ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ እጥበት እገባለሁ፤ ያለዚያ መኖር የለም። ይህን ለእትዬ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ሚላን ሆና ምን ታደርግልኛለች፣ ከመቃጠል በቀር? "ለምን ቀረሽ?" ስትለኝ ሥራ እላለሁ። "ፊትሽን አሳዪኝ" ስትል የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል እላለሁ፤ መክሳቴን፣ መጥቆሬን እንዳታይ። ቆይታ ቆይታ ቀዘቀዘችብኝ። "አሜሪካ ሰው ትበላለች ሲሉ አላምንም ነበር" አለችኝ አንድ ፋሲካ። እኔም አኮረፍኩ። ለካ እሷም የራሷን ደብቃኛለች።

ያን እሑድ ከሱቅ እንደተመለስኩ ሚላን ብርሃን ዘንድ ደወልኩ። ብርሃን የእትዬ ጎረቤትና ጓደኛ ናት፤ አጠገቧ ሆና የምታስታምማት እሷ ናት። "እንዳልነግርሽ በሥላሴ አስምላኝ ነው" ብላ አለቀሰች። "ሐኪሞቹ ሳምንቱን አትጨርስም ብለዋል። ምግብ ከተወች ቆየች፤ የምታወራው ስለ አንቺ ብቻ ነው። ድሮ አትረሳኝም ነበር ትላለች፣ አሁን የረሳችኝ ምን አድርጌያት ነው ትላለች።" "አገናኚኝ" አልኳት። ስልኩን ሰጠቻት። እትዬ ድምጿ የእሷ አይደለም፤ ክር ነው የሚያክለው። "ሚጣ?" አለችኝ። "አንድ ጊዜ ብቻ ባይሽ ምናለ? ሌላ ምንም አልፈልግም።" እኔም ሳላስብ፣ እግዜር ምስክሬ ነው ሳላስብ፣ "እየመጣሁ እኮ ነው እትዬ፤ ቲኬት ቆርጫለሁ" አልኳት። ብርሃንን ጠርታ "ሾርባ አምጪልኝ" ስትላት ሰማሁ።

ሰኞ ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ ለመንኩ። ልመና ነው የምላችሁ፤ እግሩ ላይ ለመውደቅ ምንም አልቀረኝም። "ልብሽ ውሃ ይዟል፣ በአውሮፕላን አትደርሺም" አለኝ። "አንዱን እጥበት ብዘለውስ?" ስለው፣ "አንዱን ካለፍሽ እህትሽ ናት አንቺን የምትቀብረው" አለ። ሳሮን ሌላ ከተማ፣ ፕሌኖ ነው የምትሠራው፣ ሥራዋን ጥላ መጥታ በሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። መኪና ውስጥ ገብተን፣ ሞተሩን ሳታስነሳ አፈጠጠችብኝ። "ማሚ፣ ሶ፣ እኔ ልሂድ። ዛሬ ፍላይት ቡክ አደርጋለሁ።" እምቢ አልኳት። "ለምን? ማለቴ፣ እኔ እኮ ፋሚሊ ነኝ!" አለችኝ። አልገባትም። እንዴትስ ይግባት? እኔ ቀርቼ ልጄ ብቻዋን በር ላይ ብትቆም እትዬ ምን ትላለች? ሚጣ ሞታለች፣ ደብቀውኛል ትላለች። በኛ ወግ ትርጉሙ ሌላ አይደለም፤ ልጁን ልኮ የቀረ ሰው ሞቷል። የእኔን መርዶ ተሸክማ እንድትሞት አላደርጋትም። "እንግዲያው ትሩዙን ንገሪያት" አለችኝ ሳሮን። "ኩላሊት በያት። ትዋሺያታለሽ? ይሄ ኦኬ አይደለም፣ ማሚ።" ለሞት የቀረበ ሰው ላይ እንዴት ያን እጭናለሁ? እትዬ እኮ ተነስታ ልታስታምመኝ ትሞክራለች፤ እኔ አውቃታለሁ።

ሰኞ ማታ በረዶ ጣለ፤ የዚህ አገር በረዶ ጠጠር ነው የሚያዘንበው። አውሮፕላኖቹ በሙሉ ቆሙ። "ማዕበል ነው እትዬ፣ አልተነሳንም" አልኳት፤ ይቺ እንኳ ግማሿ እውነት ነበረች። "ምን አስቸኮለሽ፣ እጠብቃለሁ" አለችኝ። ማክሰኞ ደግሞ ተነስቻለሁ አልኳት። ያቺ ቀን ገደለችኝ። አየር ላይ ያለ ሰው አይደውልማ! ስልኩን ታቅፌ፣ የቀሯት ሰዓታት እያለቁ፣ ድምጿን መስማት እየቻልኩ ቀኑን ሙሉ ዝም አልኩ። ውሸቴ አፌን ዘጋኝ። ሮቡዕ ሮም ገብቻለሁ አልኳት። "ምነው በቀጥታ ሚላን አትይዢም?" አለች፣ አእምሮዋ እንደ ምላጭ ነው። "ርካሹ እሱ ነበር" አልኳት። "ዛሬ ደግሞ ሾፔሮ ነው፣ ባቡሩ ሥራ አቁሟል።" ጣሊያን ውስጥ የኖረ ሰው ሾፔሮን ያውቃል፤ ሠራተኛው በትንሽ በትልቁ እያደመ ያቆማል። እትዬ ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆኖ ቀረ። "እነሱማ መች ይተዋሉ" አለች። ብርሃን ስልኩን ወስዳ፣ "ሐኪሙ ምን ይዟት ነው የምትኖረው ይላል። ፀጉሯን አሳጥባኛለች፣ አልጋዋን ወደ በሩ አስዙራለች። ጽጌ፣ ነገ ምን ልትያት ነው?" አለችኝ። ለብርሃን እውነቱን ነግሬያት ነበር፤ እሷም አብራኝ ትዋሻለች። ነገ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ሮም ደርሻለሁ፤ ባቡር ብቻ ነው የቀረኝ፤ ያ ባቡር ደግሞ ሦስት ሰዓት ነው የሚፈጀው! በዚያ ዘመን እግዜርን ባቡሩን አፍጥንልኝ ብዬ ስንቴ ለመንኩት። አሁን ያፈጠኑትን ሰዎች ረገምኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት እጥበት ላይ ነኝ። ክንዴ መርፌው ስላለበት አይነቃነቅም፤ ሳሮን ስልኬን ጆሮዬ ላይ ይዛልኛለች። እዚያ ሚላን ከሰዓት ሆኗል። "ተሳፈርሽ?" አለችኝ እትዬ፣ ሰላምታም የለ።

"ተሳፈርኩ።"

"ፈጣኑን ነው?"

"አይ፣ ርካሹን ነው እትዬ። በየጣቢያው የሚቆመውን።"

"አንቺ ልጅ!" ተቆጣች፣ በዚያ ክር በሚያክል ድምጿ። "አሜሪካ ኖረሽም ቆጣቢ! በይ እንግዲያው ስልኩን እንዳትዘጊ። የደረስሽበትን እየነገርሽኝ ነይ።"

የጣቢያዎቹን ስም የት አውቄ? ባለፍኩባቸው ቁጥር መጋረጃ ተጋርዶ፣ ወይ ተኝቼ ነው። ሳሮንን አየኋት። ሦስት ቀን ሙሉ ስትጣላኝ የነበረች ልጅ፣ በሌላ እጇ የራሷን ስልክ አወጣችና ካርታውን ከፈተች። "ኦርቪዬቶ" አለችኝ በሹክሹክታ፣ በዚያ በአሜሪካ አፏ።

"ኦርቪዬቶ ነኝ እትዬ።"

"ውጭ ምን ይታያል?"

ከፊቴ ያለው ደሜ የሚዞርበት ቱቦ ነው። "ወይን ተክል" አልኳት። "ፀሐይ ነው።" ከዚያ ኪዩዚ አልኳት፣ አሬዞ አልኳት። በመሃል ማሽኑ ጮኸ። "ምንድን ነው የሚጮኸው?" አለች። "በሩ ነው፤ ሊዘጋ ሲል ይጮኻል።" ነርሷ ሮጣ መጥታ ቁልፉን ተጫነች፤ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ሄደች። አጠገቤ የሚታጠቡት ሜክሲኮአዊው ሽማግሌ ቋንቋችንን አይሰሙም፣ ግን ቴሌቪዥናቸውን አጠፉ። ፍሎረንስ ላይ ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም። ቦሎኛን ሳልፍ ትንፋሿ ብቻ ነበር የሚሰማኝ፤ ብርሃን ከሩቅ "አታቁሚ፣ እየሰማች ነው" ትለኛለች። ሞዴና። ፓርማ ስል እትዬ፣ "እንግዲህ ቀረብሽ" አለች። ቀስ አልኩ። የዓለምን ጣቢያ ሁሉ መሃል ላይ ብጨምር በወደድኩ። ሳሮን እንባዋ ስልኩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በእጅጌዋ እየጠረገች ታነብልኛለች። "ፒያቼንዛ" አለችኝ። "ማሚ፣ ከዚህ በኋላ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ ከዛ ሚላን ነው።"

"ፒያቼንዛ ነኝ እትዬ" አልኳት። "እዚህ ትንሽ ይቆማል መሰለኝ። ብዙ ሰው ነው የሚሳፈረው።"

ጠበቅኩ። ከዚያ ድምጿ መጣ፣ የድሮው ድምጿ፣ ጥርት ያለው።

"መጣሽ?" አለች። "ምን በር ላይ ትቆሚያለሽ ሚጣዬ፣ ግቢ እንጂ።"

ቀጥሎ የሰማሁት የብርሃንን ጩኸት ነው። እኔ ገና ፒያቼንዛ ነበርኩ።